አንድ ያላት እንቅልፍ የላት፤ መቶ ያላትስ?

«አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ይላል ያገራችን ሰው። ያለችው አንዲት ነገር ከጠፋች ምትክ የላትም፤ ስለዚህ ስትባንን ታድራለች። የኮምፒውተር ሰዎችም ከዚሁ ስጋት ነው የተነሱት። ፋይሉ አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ካለ፣ ያ ሰርቨር የተበላሸ ቀን ሥራው ሁሉ ይቆማል። እንግዲያው ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ሦስት ቦታ፤ ካስፈለገም መቶ ቦታ። አንዱ ላይ የተለወጠው ነገር በራሱ ወደ ሌሎቹ እየሄደ ሁሉም እኩል ይሁኑ። ይህን ሥራ ሬፕሊኬሽን ይሉታል።

ሲሰሙት ቀላል ነው። ኮፒ ማድረግ ምን ይከብዳል? ኮፒ ማድረጉስ አይከብድም፤ የሚከብደው ቅጂዎቹ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። አንዱ «ይህ ፋይል ተሰርዟል» ሲል ሌላው «ኧረ አለ፣ ይኸው!» ቢል ማንን እናምናለን? ለብዙ ቀን ጠፍቶ የከረመ ሰርቨር ድንገት ተነስቶ የድሮ ወሬ ይዞ ቢመጣስ? ከሁሉም የከፋው ደግሞ፣ አንዱ ላይ የገባው ጥፋት በታማኝነት ወደ ሌሎቹ ቢገለበጥስ? የሬፕሊኬሽን ታሪክ የእነዚህ ጥያቄዎች ታሪክ ነው። ታሪኩ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካለ ቤተ ሙከራ ተነስቶ፣ መብራት የጠፋበት አንድ የጋና ቢሮ ድረስ ይወስደናል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ግን ነገሩ ከኛ ሩቅ እንዳይመስላችሁ። ባንክ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ዩዘርኔምና ፓስወርዳችሁን ስታስገቡ የመሥሪያ ቤቱ ምስል ከጀርባ ይመጣል፤ ፕሪንተሩ በራሱ ይገናኛል፤ ፍላሽ ስትሰኩ «አይፈቀድም» ይላችኋል። ያ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ከየት አወቀ? መልሱ «ዶሜይን» ነው። ዶሜይን ማለት ለአንድ የተጠቃሚዎች መዝገብና ለአንድ ደንብ የሚገዙ ኮምፒውተሮች ስብስብ ነው። መዝገቡንና ደንቡን የሚይዘው ሰርቨር ዶሜይን ኮንትሮለር ይባላል። ዋናው ቢሮ አንድ ይኖረዋል፤ ቅርንጫፎቹም የየራሳቸው ይኖራቸዋል፤ ምክንያቱም መስመር በተቋረጠ ቁጥር የቅርንጫፉ ሠራተኛ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የለበትም። ታዲያ ዋናው ቢሮ ዛሬ ያወጣው ደንብ ቅርንጫፉ ላይ ባለው ቅጂም መግባት አለበት። ካልገባ አንድ መሥሪያ ቤት በሁለት ሕግ ይተዳደራል ማለት ነው።

ወሬ እንዴት ይዛመታል?

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ ፓሎ አልቶ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለው የምርምር ማዕከሉ ዛሬ እንደ ተራ ነገር የምናያቸውን ብዙ ነገሮች እየሞከረ ነበር። ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘው ኢተርኔት እዚያ ነው የተወለደው። ኔትወርኩ ሲሰፋ የስም መዝገብ አስፈለገ፦ ይህ ተጠቃሚ ማን ነው፣ ይህ ፕሪንተር የት ነው የሚሉትን የሚመልስ። መዝገቡን የሚይዘው ሥርዓት ክሊሪንግሃውስ ይባል ነበር። ስሞቹ በዶሜይን በዶሜይን ተከፋፍለው፣ እያንዳንዱ ዶሜይን በተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ይባዛል። አንዳንዱ ዶሜይን እስከ 300 በሚደርሱ ሰርቨሮች ላይ ቅጂ ነበረው።

ለውጡን ለማዳረስ መጀመሪያ የሞከሩት ዘዴ ሁላችንም የምናስበው ነው፦ ለውጡን የተቀበለው ሰርቨር ለሌሎቹ ሁሉ መልእክት ይልካል። ችግሩ መልእክት ይጠፋል፤ ላኪውም ሁሉንም ሰርቨሮች ላያውቃቸው ይችላል። ስለዚህ ሌላ ነገር ጨመሩበት። እያንዳንዱ ሰርቨር ሌሊት ሌሊት አንድ ጓደኛ በዕጣ እየመረጠ መዝገቡን ከሱ ጋር ያስተያያል። ልዩነት ከተገኘ ይታረማል፤ ትክክለኛውም መረጃ እንደገና ለሁሉም በመልእክት ይላካል።

ሂሳቡን አስቡት። 300 ሰርቨር እያንዳንዱ ለ300 ሲልክ በአንድ ሌሊት 90,000 መልእክት ሊሆን ነው። የዚያ ዘመን መስመር ይህን ሊሸከም አይችልም። ኔትወርኩ ተጨናነቀ፤ ኢሜይሉም፣ ፋይል መላኩም፣ ስም መፈለጉም አብሮ ወደቀ። ሥራው እንዳይቆም ብለው የሠሩት ነገር ራሱ ሥራ አስቆመ።

መፍትሔው የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው፤ ከወረርሽኝ ሂሳብ። አላን ዴመርስና ባልደረቦቹ በ1987 ባወጡት ጽሑፍ ለውጥን እንደ በሽታ ወይም እንደ ሐሜት ማየት እንደሚቻል አሳዩ። አዲስ ወሬ የሰማ ሰርቨር በዕጣ ለመረጠው ይነግራል፤ ያም ለሌላው። ቡና ላይ እንደሚወራው ወሬ ማለት ነው። «እሱንማ ሰምቻለሁ» የሚል ሲበዛ ደግሞ የሚያወራው ሰው ሞራሉ ይወድቅና ይተወዋል፤ ሰርቨሩም እንደዚያው። ወሬው በጥቂት መልእክት ፈጥኖ ይዳረሳል፤ ነገር ግን ሳይሰማ የሚቀር አንድ ሁለት ሰርቨር ሊኖር ይችላል። ለነዚያ ሲባል አልፎ አልፎ ሙሉውን መዝገብ ማስተያየቱ ይቀጥላል። ወደ እንግሊዝ የሚሻገረው ቀጭን መስመር እንዳይጨናነቅም ዕጣው ሲወጣ ቅርብ ያለ ጎረቤት ይበልጥ እንዲመረጥ ተደረገ።

ከዚያ ጽሑፍ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ የሚከተለን ነገር ስለ መሰረዝ የተባለው ነው። እኔ ጋ ያለውን ስም ሰረዝኩት እንበል። ማታ ከጎረቤቴ ጋር መዝገብ ስናስተያይ እሱ ጋ ስሙ አለ፤ እኔ ጋ የለም። ጎረቤቴ ምን ያስባል? «ወንድሜ ይህ አልደረሰውም» ብሎ መልሶ ይሰጠኛል። የሰረዝኩት ነገር ከሞት ተነሳ! «የለም» ማለትና «ነበረ፣ አሁን ግን ሞቷል» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ የሚሰረዘውን ነገር ዝም ብሎ ማጥፋት አይቻልም፤ በቦታው የሞት ማስረጃ ተቀምጦ እንደማንኛውም ዜና መዛመት አለበት። በኛ አባባል መርዶ ነው። መርዶው ያልደረሰው ሰርቨር ሟቹን በሕይወት እንዳለ ይቆጥረዋል፤ አልፎም ለሌሎች ያስተዋውቀዋል።

መርዶው ስንት ጊዜ ይቀመጥ? ለዘላለም ከተቀመጠ ዲስኩን የሙታን መዝገብ ይሞላዋል። ቶሎ ከተጣለ ደግሞ ጠፍቶ የከረመ ሰርቨር ተመልሶ ሙታንን ያስነሳል። ይህን ከመስመር የጠፋ ሰርቨር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

አንድ ንጉሥ ብቻ

በ1993 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤንቲን ሲያወጣ ለ«ማንን እንመን?» የሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ አንዱን። ዶሜይኑ አንድ ዋና ኮንትሮለር አለው፤ መጻፍ የሚቻለው እሱ ላይ ብቻ ነው። ሌሎቹ ምትክ ኮንትሮለሮች የእሱን መዝገብ ገልብጠው ይይዛሉ፤ ሰው ሲገባ ፓስወርዱን ያረጋግጣሉ፤ መለወጥ ግን አይችሉም።

ፋይሎቹም በዚሁ መንገድ ነበር የሚሄዱት። ሠራተኛው ሲገባ የሚሠሩት ትንንሽ ስክሪፕቶች «ላኪ» የተባለ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሌሎቹ ሰርቨሮች «ተቀባይ» ፎልደር አላቸው። መንገዱ የአንድ አቅጣጫ ነው። ተቀባዩ ላይ ገብተህ ብታስተካክል ልፋትህ ከንቱ ነው፤ ከላኪው የመጣው ቅጂ ይውጠዋል።

ይህ ሥርዓት ጭቅጭቅ አያውቅም። ግን ንጉሡ የታመመ ቀን ፓስወርድ መቀየር የለም፤ አዲስ ሠራተኛ መመዝገብ የለም፤ አድሚኑ ራሱ መጥቶ ከምትኮቹ አንዱን እስኪሾም ድረስ። ሌላ አገር ያለ ቅርንጫፍም ለእያንዳንዷ ለውጥ በቀጭን መስመር ዋናው ቢሮ ድረስ መሄድ አለበት። ኩባንያዎች በየአህጉሩ ሲሰፉ ይህ አላዋጣም።

ሁሉም ሲነግሥ

በየካቲት 2000 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ 2000 ነገሩን ገለበጠው። በአዲሱ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ማንኛውም ኮንትሮለር ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ለውጡ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል። ዜሮክሶች የገጠማቸው ጥያቄ ሁሉ እንግዲህ ተመልሶ መጣ። መርዶውም አብሮ መጣ፤ እዚህ ስሙ «የመቃብር ድንጋይ» ሆነ። የተሰረዘ ነገር መጀመሪያ ላይ ለ60 ቀን፣ በኋላ በወጡት ደግሞ ለ180 ቀን የመቃብር ድንጋዩ ይቆያል። ከዚያ በላይ ተለይቶ የከረመ ኮንትሮለር ወደ ኔትወርኩ መመለስ የለበትም፤ ሙታን ይዞ ይመጣልና።

ደንቦቹና ስክሪፕቶቹ ያሉበት ፎልደር ደግሞ ሲስቮል ይባላል። እያንዳንዱ ኮንትሮለር የራሱ ሲስቮል አለው፤ ሁሉም እኩል መሆን አለባቸው። እኩል የሚያደርጋቸው አገልግሎት ኤፍአርኤስ ይባል ነበር። የዚያን ጊዜ አድሚን የነበረ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ፊቱን ሲያጨማድድ ታዩታላችሁ።

አሠራሩ ሲታይ ብልህ ነው። ዊንዶውስ ዲስኩ ላይ የሚደረገውን ለውጥ ሁሉ ጆርናል በሚባል መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ይህ ተፈጠረ፣ ያኛው ተለወጠ፣ ያ ተሰረዘ እያለ። ኤፍአርኤስ ጆርናሉን እያነበበ የተለወጠውን ፋይል ወደ አንድ መጠበቂያ ፎልደር ይገለብጣል፤ ለባልደረቦቹ «አዲስ ነገር አለ» ይላቸዋል፤ እነሱ መጥተው ይወስዳሉ። ከአንድ ትልቅ ፋይል አንዲት ፊደል ብትለወጥም የሚሄደው ሙሉው ፋይል ነው።

ሁለት አድሚኖች በሁለት ቢሮ አንዱን ስክሪፕት በአንድ ጊዜ ቢያስተካክሉትስ? መጨረሻ የጻፈው ያሸንፋል። የሌላኛው ሥራ ማስጠንቀቂያ ሳይኖር ይጠፋል። ሁለቱም በአንድ ስም ፎልደር ቢፈጥሩ ግን ኤፍአርኤስ አንዱን መጣል አይደፍርም፤ ሁለቱንም ይዞ የአንዱን ስም ያበላሸዋል፤ «ኤንቲኤፍአርኤስ» የሚል ቅጥያና የማይነበብ ቁጥር ይለጥፍበታል። አድሚኑ ጠዋት ሲገባ የደንብ ፎልደሮቹን መንታ ሆነው ያገኛቸዋል። ትክክለኛው የትኛው ነው? ማሽኑ አያውቅም፤ ራስህ ከፍተህ እይ።

ጆርናሉም ማለቂያ የሌለው መዝገብ አይደለም። መጠኑ የተወሰነ ስለሆነ ሲሞላ ከመጀመሪያው እየደመሰሰ ይጽፋል። ኤፍአርኤስ ለተወሰነ ጊዜ ቆሞ ከርሞ ሲነሳ፣ ያላነበበው ገጽ ተደምስሶ ከጠበቀው ምን እንዳመለጠው ማወቅ አይችልም። በዚህ ጊዜ «13568» የሚል ስህተት ጽፎ ሥራውን ያቆማል። ማቆሙ ትክክል ነበር፤ ያልሰማውን ሳያውቅ ቢያወራ ሌሎቹን ያሳስታል። ችግሩ ስህተቱ ሲጻፍ የሚያየው ሰው አለመኖሩ ነው። ሠራተኛው እንደ ወትሮው ይገባል፣ ሥራው ይሠራል፤ ቅርንጫፉ ግን ለወራት በድሮ ሕግ ይተዳደራል።

ሌላ ጉድ ደግሞ ነበር። አንዳንድ አንቲቫይረሶች ፋይል ሲፈትሹ የፋይሉን የፈቃድ መረጃ ይነካኩ ነበር። ለኤፍአርኤስ ይህ ለውጥ ነው፤ ስለዚህ ፋይሉን ለሁሉም ይልካል። የተቀበለው ሰርቨር ላይ ያለው አንቲቫይረስም ይፈትሸዋል፤ እሱም «ተለወጠ» ይባላል። ማንም ሰው አንዲት ፊደል ሳይጽፍ መስመሩ ሌት ተቀን በኮፒ ይጨናነቃል። ዜሮክሶች ያዩት ዓይነት መጨናነቅ፣ ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ።

ሁሉም ነገር ሲበላሽ መጨረሻ ላይ ዳኛው ሰው ነበር። አድሚኑ አንዱ ሰርቨር ላይ ገብቶ ከሁለት ምልክቶች አንዱን ይሰጠዋል። «ዲ2» ማለት «አንተ ተሳስተሃል፤ ያለህን ትተህ ከሌሎቹ ውሰድ» ነው። «ዲ4» ደግሞ «ልክ ያለኸው አንተ ነህ፤ ሌሎቹ ካንተ ይውሰዱ» ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የአንዲት ቁጥር ልዩነት ነው። ባዶ ወይም ያረጀ ፎልደር ላለው ሰርቨር በስህተት ዲ4 ከተሰጠ፣ ሌሎቹም ከሱ እንዲወስዱ ከታዘዙ፣ ባዶነቱ በሥርዓት ለሁሉም ይታደላል። ደህና ይሠሩ የነበሩት ሁሉ እኩል ባዶ ይሆናሉ። ሬፕሊኬሽን ሥራውን ሠርቷል፤ እኩል አድርጉ ተባለ፣ እኩል አደረገ።

ልዩነቱን ብቻ

ከኤፍአርኤስ የሚያላቅቀው ሐሳብ ግማሹ ከሌላ አቅጣጫ ነው የመጣው። በ1996 አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ አውስትራሊያ ውስጥ አርሲንክ የተባለውን ፕሮግራም አወጡ። ጥያቄያቸው ይህ ነበር፦ እኔ ጋ አዲሱ ፋይል አለ፣ አንተ ጋ አሮጌው አለ፤ ሁለታችንም የሌላውን ሳናይ ልዩነቱን ብቻ መላክ እንችላለን? መልሱ ፋይሉን በቁራጭ በቁራጭ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አጭር አሻራ ማውጣት ነው። አሻራዎቹ ይላካሉ፤ የማይመሳሰለው ቁራጭ ብቻ ይጠየቃል።

ማይክሮሶፍትም በ2005 መጨረሻ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2003 አርቱ ጋር ዲኤፍኤስአርን ሲያወጣ ለዚሁ ዓላማ የራሱን ዘዴ ይዞ መጣ። ከእንግዲህ የአንድ ፕረዘንቴሽን ርዕስ ብትለውጡ የሚሄደው የተለወጠው ቁራጭ ነው። በቀጭን መስመር ለሚሠራ ቅርንጫፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ነገር ባይታይም ይበልጥ ጥልቅ ነው። ሰርቨሮቹ ሲገናኙ የሚጠያየቁት «ስንት ሰዓት ላይ ነው የጻፍከው?» ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱን ለውጦች በተራ ቁጥር ይመዘግባል፤ የሌሎቹንም እስከየትኛው ቁጥር እንደሰማ ይይዛል። ሲገናኙ «ካንተ እስከ 40 ሰምቻለሁ፣ ከሦስተኛው እስከ 12» ይባባላሉ፤ የጎደለው ብቻ ይሰጣጣሉ። ሐሳቡ በ1983 በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጽሑፍ የታተመ ነው። ማን ምን እንዳመለጠው በግልጽ ይታወቃል።

ግጭት ሲኖር ዛሬም የሚያሸንፈው መጨረሻ የጻፈው ነው። የተሸነፈው ፋይል ግን ወዲያው አይጣልም፤ የግጭት ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ፎልደሩ ሞልቶ እስኪጸዳ ድረስ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ሁለት ሰዎች በሁለት ከተማ አንዱን ፋይል በአንድ ጊዜ ከፍተው እንዳይጽፉበት የሚከለክል ቁልፍ ግን ዲኤፍኤስአርም የለውም። ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የመጣን ሰርቨር በተመለከተም በኋላ የወጡት ዊንዶውሶች ጨከኑ፤ ከ60 ቀን በላይ ያልተገናኘ ፎልደር ከሆነ ሬፕሊኬሽኑን ያቆሙታል። የመጣውን ሁሉ በራችን ላይ አናስገባም ነው ነገሩ።

ሲስቮልን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማሻገር የተቻለው ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጀምሮ ነው። ሽግግሩ አራት ደረጃ አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፤ አራተኛው ላይ ግን ኤፍአርኤስ ይጠፋል፣ መመለሻ የለም። ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ሲወጣ ኤፍአርኤስ በውስጡ አልነበረም።

መርዝም ይገለበጣል

እስካሁን ያየነው ቅጂዎቹ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ተስማምተው የሚጎዱበት ጊዜስ?

በ2008 ማይክሮሶፍት ለአድሚኖች አንድ የሚመች ነገር ሰጠ፦ የኮምፒውተሮቹን ሁሉ የአድሚን ፓስወርድ በአንድ ደንብ መቀየር። ፓስወርዱ ተመስጥሮ ሲስቮል ውስጥ ባለ ፋይል ላይ ይጻፋል። ሲስቮልን ደግሞ የዶሜይኑ ተጠቃሚ ሁሉ ማንበብ ይችላል፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ምስጢሩን የሚፈታው ቁልፍ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ነበር፤ ያንን ቁልፍ ማይክሮሶፍት ራሱ በቴክኒክ ሰነዱ ላይ አሳትሞታል። ስለዚህ ማንኛውም ሠራተኛ የድርጅቱን ዋና ፓስወርድ ፈትቶ ሊያነብ ይችል ነበር፤ ሬፕሊኬሽኑም ያንን ፋይል በየቅርንጫፉ ያደርሳል። በግንቦት 2014 ማስተካከያ ወጣ። ማስተካከያው አዲስ ፓስወርድ እንዳይጻፍ ከለከለ፤ ቀድሞ የተጻፈውን ግን አልሰረዘም። አድሚኑ ራሱ ፈልጎ ካላጠፋው፣ አሮጌው ፋይል በየሰርቨሩ እኩል ተቀምጦ ይኖራል።

በየካቲት 23፣ 2022 ደግሞ ሩሲያ ዩክሬንን ከመውረሯ በዋዜማው፣ ዲስክ የሚያጠፋ ፕሮግራም በዩክሬን መሥሪያ ቤቶች ላይ ተለቀቀ። ኢሴት የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ እንዳለው፣ ቢያንስ በአንድ ድርጅት ውስጥ አጥቂዎቹ ፕሮግራሙን ያሰራጩት በዶሜይኑ ደንብ ነው። ማለትም ቀድመው ዶሜይኑን ተቆጣጥረው፣ አጥፊውን እንደ አንድ ተጨማሪ ደንብ አስቀመጡት። ደንብ ለማዳረስ የተዘረጋው መንገድ የቀረውን ሠራላቸው።

መብራት የጠፋበት ቢሮ

አሁን ያንን ከመስመር የጠፋ ሰርቨር የምንፈልግበት ጊዜ ነው። አምስት ዓመት ወደ ኋላ፣ ወደ ሰኔ 27፣ 2017 እንመለስ። የዚያን ቀን ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በአንድ የዩክሬን የሂሳብ ሶፍትዌር ማሻሻያ በኩል ገብቶ ዓለምን አዳረሰ። ከተመቱት አንዱ የዴንማርኩ የመርከብ ድርጅት ሜርስክ ነበር። ኖትፔትያ የሄደው በፋይል ሬፕሊኬሽን አይደለም፤ የዊንዶውስን ቀዳዳና ከየኮምፒውተሩ የሰረቃቸውን ፓስወርዶች እየተጠቀመ ራሱን በራሱ ነው ያሰራጨው። የጎዳው ግን ሬፕሊኬሽን ላይ የነበረውን እምነት ነው።

ጋዜጠኛው አንዲ ግሪንበርግ በ2018 ዋየርድ መጽሔት ላይ እንደጻፈው፣ ሜርስክ በዓለም ዙሪያ 150 ያህል ዶሜይን ኮንትሮለሮች ነበሩት። ሁሉም እርስ በርስ እኩል ስለሚሆኑ አንዱ ለሌላው ምትክ ነው ተብሎ ታምኗል። አንዱ ቢቃጠል 149 አሉ። ሁሉም በአንድ ቀን ይጠፋሉ ብሎ ግን ማንም አላሰበም። ጠፉ። የሌሎች ሰርቨሮች ባክአፕ ተገኘ፤ የዶሜይን ኮንትሮለር ባክአፕ ግን የለም። ያለ እሱ ደግሞ ማን ማን እንደሆነ፣ ማን ምን እንደሚፈቀድለት የሚናገር መዝገብ የለም። ወደቦች ላይ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል።

አይቲዎቹ በየአገሩ ደውለው ሲያጣሩ አንድ ቅጂ ተገኘ፤ ጋና ውስጥ። ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት በቢሮው መብራት ጠፍቶ ነበር። መብራት መጥፋት ምን እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ማሽኑ ከኔትወርኩ ተለይቶ ቆየ፤ ጥፋቱ ሲያልፍ አልሰማም።

ከዚያ በኋላ ያለው የቅጂ ጉዞ በታሪኩ ውስጥ ካየናቸው ሁሉ ዘገምተኛው ነው። የጋናው መስመር ቀጭን ስለነበር በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ወደ እንግሊዝ መላክ ቀናት ሊፈጅ ነው። ዲስኩን ሰው ይዞት ይብረር ቢባል ከጋና ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ ያለው አልተገኘም። ስለዚህ አንዱ ሠራተኛ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ አውሮፕላን ጣቢያ ውስጥ ለሌላ የሜርስክ ሠራተኛ አስረከበ፤ እሱ ደግሞ ስድስት ሰዓት ተኩል በርሮ ለንደን አደረሰው። በጃንዋሪ 2018 የድርጅቱ የቦርድ ሰብሳቢ ጂም ሃገማን ስናበ ዳቮስ ላይ እንደተናገሩት በአስር ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒውተሮች እንደ አዲስ ተተከሉ። ድርጅቱ ኪሳራውን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ነገሩን ከዜሮክሶቹ ጋር አያይዛችሁ እዩት። በደህናው ቀን ጋናው ውስጥ ያለው ዓይነት ሰርቨር የሥርዓቱ ራስ ምታት ነው። መርዶ ያልሰማ፣ የድሮ ወሬ የያዘ፣ ሲመለስ ሙታን የሚያስነሳ። የ60 ቀኑም፣ የ180 ቀኑም ደንብ የወጣው እሱን ለመጠበቅ ሳይሆን ከእሱ ለመጠበቅ ነው። ያን ዕለት ግን ዋጋው ያለመስማቱ ነበር።

ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው አድሚኖች «ሬፕሊኬሽን ባክአፕ አይደለም» የሚሉት። ሬፕሊኬሽን ዲስክ ሲቃጠል፣ መስመር ሲቋረጥ ሥራው እንዳይቆም ያደርጋል። ስህተት ስትጽፉ ግን ስህተታችሁን ያባዛል፤ ስትሰርዙ መሰረዙን ያባዛል፤ ጠላት ሲጽፍም የጠላትን ያባዛል። ባክአፕ ማለት ዛሬ የሆነውን የማያውቅ ቅጂ ነው፤ ሆን ተብሎ ከኔትወርኩ የተለየ፣ ትናንት ላይ የቆመ።

ስለዚህ መሥሪያ ቤታችሁ «ሦስት ሰርቨር አለን፣ ሁሉም እኩል ናቸው» ብሎ ሲያጽናናችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት። ሦስቱም በአንድ ሌሊት ቢጠፉ፣ ሦስቱ የሚሰሙትን የማይሰማው አራተኛው ቅጂ የት ነው ያለው? ለመጨረሻ ጊዜስ ይሠራል ወይ ተብሎ የተሞከረው መቼ ነው? ሜርስክ አራተኛውን ያገኘው ጋና ውስጥ መብራት ስለጠፋ ነው። እናንተ ግን መብራት እስኪጠፋ አትጠብቁ።